በግራ እጅ ሰላም አይባልም

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልብስ ሰፊዋ ለስህን፤ ሐይቅ፣ ከእኔ ዓሣ ቤት ግድግዳ ወዲያ።

ይህ ደብዳቤ ሰላምታ የለውም። ንቀት እንዳይመስልሽ። ቀኝ እጄ እስከ ክርኑ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ እንደ ሹም ጉብ ብሏል፤ የምጽፍልሽ በግራዬ ነው። በግራ እጅ ደግሞ ሰላም አይባልም። እናቴ በግራ እጇ ውኃ እንኳ ለሰው አቀብላ አታውቅም። ስለዚህ ሰላምታሽን ቀኜ እስኪድን አስቀምጬልሻለሁ፤ አይበላሽም።

መጀመሪያ ለጠየቅሽው፦ አዎ፣ መናገር አልችልም። ያን ቀን የመጥበሻው ዘይት ሲቀጣጠል እሳቱ ያገኘው እጄንና አንገቴን ነበር። ጭሱ ግን በአፌ ገብቶ ጉሮሮዬን አሳበጠው። መተንፈሻ እንዳላጣ ብለው ከአንገቴ ሥር ቀዳዳ አበጅተው ቱቦ ከተቱልኝ። አየሩ በአቋራጭ ስለሚገባና ስለሚወጣ ድምፅ የሚሠራው ክፍል ሥራ ፈትቷል። የሐይቅ ገበያ ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረው ዝምታ በመጨረሻ ተሰጠው፤ እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ።

ስልክ ትያለሽ። ስልኬ ዘይቱ ውስጥ ወድቆ ከእኔ በተሻለ ተጠብሷል። እኅቴ መስኡዳ ከጅዳ ያመጣችው ስልክ ደግሞ ከዓረብኛ በቀር አይጽፍም። እሷም ብትሆን ስትደውይላት "አብሽሪ፣ ደህና ናት" ከማለት ሌላ ቃል ይዛ አልመጣችም። እውነቱን ከፈለግሽ በሾፌሩ በባዬ እጅ በአውቶቡስ ይመጣልሻል።

"በቢላ ሰነጠቋት የሚሉት ውሸት ነው አይደል?" ላልሽው፦ እውነት ነው። የተቃጠለ ቆዳ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ደግሞ ያብጣል፤ በመሐል ደሙ መሄጃ ያጣል። ስለዚህ ክንዴን በቁመቱ ቀደዱት፤ አንቺ የጠበበ ቀሚስ ስፌቱን ተርትረሽ እንደምታሰፊው ማለት ነው። አላመመኝም። የሞተው ቆዳ አያምም፤ የሚያመው ያልሞተው ነው።

ከጭን ቆዳ ገፈው እጅ ላይ ይለጥፋሉ የተባለውም እውነት ነው። ሐኪሙ ዶክተር ዝናው ሰኞ ይሠራዋል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቆዳ ከጭኔ ይላጫል፤ ከዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ በሚያወጣ መሣሪያ ያልፍና ይለጠጣል፤ ትንሹ ቆዳ ሰፊውን ቁስል እንዲሸፍን። አየሽልኝ፣ መረብ ያደርጉታል! መረብ የያዘውን ስጠብስ ኖሬ አሁን መረቡ እኔኑ ሊይዘኝ ነው።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። በባዬ በላክሽልኝ ማስታወሻ ግርጌ፣ ከጤናዬ ጥያቄ ሁሉ በታች፣ በትንንሹ "ቆሮሶ ዓሣ ቆዳው ሳይቀደድ እንዴት ነው የሚገፈፈው?" ብለሽ ጽፈሻል። አንቺ ዓሣ በደጅሽ ሲያልፍ አፍንጫሽን በነጠላ የምትይዢ ሴት! ምን አገባሽ?

ዙለይሃ


ሐይቅ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዙለይሃ፣ ለዝምተኛዋ፤

ከሐይቁ ውኃ የበዛ፣ ከአምባሰል ገደል የረዘመ ሰላምታዬ ይድረስሽ። በቀኝ እጄ ነው። ጣቶቼ ለምን በፕላስተር እንደተጠቀለሉ አትጠይቂኝ፤ ግን ቀኝ ነው። ሰላምታ የሌለው ደብዳቤሽን ሙላት ሲያየው ከገቢዎች የመጣ መስሎት ከአልጋ ሥር ሊደበቅ ነበር። እንዲህ ያለ ባል ነው ያለኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የቆዳሽ ወሬ ከደብዳቤሽ ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ቀድሞ ወረደ። ቅሬው ተጠራ። ቅሬያችንን ታውቂዋለሽ፤ ሲሞቱ ይቀብራል፣ ሲታመሙ ይሸከማል፤ ከማዋጣት በቀር ሌላ መድኃኒት አያውቅም። የቅሬው ዳኛ ሸህ ሙሐመድሁሴን ብድግ አሉና፣

"ጀማው! ለእህል አዋጥተናል፣ ለእንጨት አዋጥተናል። ልጃችን ከገዛ ጭኗ ስትቀረጥ ለቆዳ እንሳሳለን?" አሉ።

"አንሳሳም!" አለ ሁሉም። ከየቤቱ አንድ መዳፍ ቆዳ እንዲዋጣ በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

ሙላት ከሁሉ ቀድሞ ጀርባውን አቀረበ። እኔም በወረዳው ውስጥ ከእሱ ጀርባ የበለጠ ሥራ ያልነካው ቆዳ እንደሌለ መሰከርኩለት። ይኼኔ ባለሱቁ ሰዑድ እጁን አወጣ።

"ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሙላት ቆዳ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። በዙለይሃ እጅ ላይ ተለጥፎ ረቡዕ ቀን ሥጋ ቢነካ ተጠያቂው ማን ነው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሰዑድ አፍ ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሸሁ ጺማቸውን ዳሰሱ፣ ዳሰሱ፣ ዳሰሱና "የሚጾመው ሆድ ነው እንጂ ጀርባ አይደለም" ብለው ፈረዱ።

"የእኔ ጀርባማ ጾሞ አያውቅም" አለ ሙላት ደስ ብሎት።

"ሆድህም አያውቅም" አለ ሰዑድ።

እንግዲህ ሐኪምሽን ጠይቂልን፤ ቆዳው በባዬ ይላክ ወይስ ባለቤቶቹ ይምጡ? ለራሴ ደግሞ፦ የሚሰፉት በምን ክር ነው? ስፌቱ ነጠላ ነው ድርብ?

በመስኡዳ በኩል ስለ ዓሣ ቤቱ ላስጠየቅሽው፦ በሩ አለ። ግድግዳው ጥላሸቱ ታጥቦ ተቀብቷል። ሌላ የሚወራ የለም። የቆሮሶውን ጥያቄ ግን አልመለስሽልኝም። ለጠቅላላ ዕውቀት ነው።

ስህን


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስህን፤ ሰላምታሽ አሁንም ተቀምጧል።

ደብዳቤሽን ለዶክተር ዝናው ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ፣ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየሁም። ለቅሬው የላከው መልስ ይህ ነው፦ የሌላ ሰው ቆዳ አይይዝም። ገላ የሐይቅ ሰው አይደለም። እንግዳ ቆዳ ሲመጣበት ለጥቂት ሳምንት ቤት ለእንግዳ ይላል፤ ከዚያ ከነጓዙ አውጥቶ ይጥለዋል። ሙስሊም ነው ክርስቲያን ነው አይልም፤ የእናቴንም ቢሆን ይጥላል። አንድ ዓይነት መንትያ ካልኖረኝ በቀር የሚቀበለው የራሱን ብቻ ነው። ለሰዑድ ጥያቄው በሕክምና እንደተዘጋ ንገሪው። ለሙላትም ጀርባውን ይመልስ።

ለክሩ፦ ክር አለ፤ እኔ ላይ ግን ወረቀት እንደሚያያዝበት ያለ ሽቦ ነው የመቱት። አንቺ ብታዪው "ተርትሩት፣ እንደገና እሰፋዋለሁ" ትያለሽ። ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር፣ የሚያንገበግበኝ የተለጠፈበት ሳይሆን የተገፈፈበት ነው። እጄ ተቃጠለ፣ ጭኔ ያለቅሳል።

በመስኡዳ ስልክ "ምን ያበሉሻል?" ላልሽው፦ እንቁላል። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን እንቁላል፣ ማታ "ዛሬ ምን አለ?" ብዬ በወረቀት ስጽፍ መስኡዳ እንቁላል ትልጣለች። የተቃጠለ ገላ እንደ ምድጃ ነው ይላሉ፤ ያገኘውን ሁሉ ያነዳል፤ ካልመገቡት የገዛ ሥጋውን ይበላል። እኔ ግን እንቅልፌ ውስጥ ዶሮዎች በስም እየጠሩ ይወቅሱኛል።

አንድ የሚያስቅ ልንገርሽ። እዚህ የምትማር ኑርሀያት የምትባል ወጣት ሐኪም አለች። ዓሣ ጠባሽ መሆኔን ስትሰማ ምን አለችኝ መሰለሽ? ብራዚል የሚባል አገር የዓሣ ቆዳ አጽድተው፣ ተሐዋስያኑን ገድለው፣ ቁስል ላይ እንደ ፋሻ ይለጥፉታል አለችኝ። ያውም የእኛኑ ቆሮሶ! ዕድሜዬን በሙሉ መድኃኒቱን ለውሻ ስጥል ኖሬአለሁ ማለት ነው።

መስኡዳን ስለ ትኩሳቴ ለጠየቅሻት፦ ትንሽ ነው። ጨርቁ ሲፈታ አረንጓዴ ነገር ታይቷል፤ የሐይቁን ዳር ሣር ይመስላል። ነርሶቹ ቀለሙን አልወደዱትም። ሌላ ወሬ የለም።

ቆሮሶውን ለባለሙያ ተይው።

ዙለይሃ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዙለይሃ፤

ሰላምታዬ ዛሬ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመጣው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ከጎኑ አንድ የበረዶ ሣጥን ይኖራል። ደብዳቤውን አስቀድሚ። ሣጥኑን ውጭ ክፈችው።

ጥፋቱ የእኔ አይደለም። እንደተለመደው ደብዳቤሽን በቅሬው ፊት አነበብኩ። የብራዚልን ወሬ እንዳነበብኩ ግን ከዚያ በታች ያለውን አንድም ጆሮ አልሰማም። ሸሁ "ታዲያ እንዲህ አይሉም! የሰው ቆዳ አይሆንም አሉ፤ የዓሣ ቆዳ ይሆናል አሉ። እኛ ደግሞ በምን ዳር ነው የተቀመጥነው?" አሉ። ዓሣ አጥማጁ ማህዲ ያን ሌሊት መረቡን እንደ ጦር ሠራዊት አሰለፈ።

ዙለይሃዬ፣ ዓሣ ቀምሶ የማያውቅ ቤት ሁሉ ቆዳ ለማዋጣት ሲል ዓሣ ገዛ። በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንኳ "ለዙለይሃ ነው" ተብሎ በይደር ቆየ። አምባሰል ላይ ያሉ የሙላት ዘመዶች ሳይቀሩ ከውጫሌ ወርደው በልተው ቆዳውን ትተው ተመለሱ። ዓሣውን የት ተጠብሶ በሉት ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

ባዬ ያለ ደብዳቤ አላስረክብም ብሎ ሣጥኑን አዲስ አበባ መናኸሪያ አስቀምጦ ተመለሰ፤ እንደነገረኝ በረዶው ኮምቦልቻ ሳይደርስ አልቋል። ከዚያ ወዲያ ሽታው ራሱን የቻለ ተሳፋሪ ሆኖ መስኮት ዳር ተቀምጧል። ደብረ ሲና ላይ ሰዉ ወይ ሣጥኑ ይውረድ ወይ እኛ ብሎ አመፀ። ባዬ "ይህ የታመመች ሴት ቆዳ ነው!" ብሎ ሲጮኽባቸው ግን ሁሉም እስከ አዲስ አበባ ዱዓ ሲያደርግላት ሄደ።

ሐኪሞቹን ይቅርታ ጠይቂልን። ብዙዎቹ ቆዳዎች የተቀዳደዱ ናቸው። ሳይቀደድ እንዴት ነው ብዬ የለመንኩሽ ለዚህ አልነበረም፤ ግን ለዚህም ይሆን ነበር።

እጅሽ ሲድን ጠባሳውን የሚጫን ጓንት ያደርጋሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። የሚለጠጥ ጨርቅ አለኝ። ልክሽን ላኪልኝ።

ስህን


አዲስ አበባ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስህን፤

ሣጥኑ ደርሷል። ዘበኛው በሩ ላይ ሲከፍተው ያወጣው ድምፅ እኔ ክፍል ድረስ ተሰምቷል። ኑርሀያት ፊቷ ቀልቶ መጥታ ያ አገር በላቦራቶሪ ስንት ነገር አድርጎ እንደሚያጸዳው፣ እንዲሁ ጥሬውን ቢለጥፉት ግን ቁስሉን እንደሚመርዘው አስረዳችኝ። ተቆጥታ ነው ስል "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለሐይቅ ሰው ወሬ በጥንቃቄ መነገር ነበረበት" አለች። የግቢው ድመቶች ግን ለቅሬው ምስጋና ልከዋል።

ቱቦው ወጥቷል። ድምፅ አለኝ፤ ዳገት ላይ እንደሚያቃስት አሮጌ አይሱዙ ያለ ድምፅ። በመስኡዳ ስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ይህን ግን በድምፄ ልናገረው አልፈለግሁም፤ አንቺም ታለቅሺብኛለሽ።

ያ አረንጓዴ ነገር ቆዳውን በላው። የተለጠፈው መረብ አብዛኛው ተነሣ። ትኩሳቱም ትንሽ አልነበረም። መድኃኒት ሰጡኝ፣ አጸዱት፣ ቁስሉ ቀስ እያለ ጠገገ። ሲጠግ ግን ይጎትታል። ጠባሳ እንደ ስስታም ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ ራሱ ይሰበስባል። ጣቶቼን ወደ መዳፌ አጥፎ ይዟቸዋል፤ አገጬን ወደ ደረቴ እየሳበው ነው፤ ሰማይ ካየሁ ሰንብቻለሁ። የጓንት ልክ ላልሽኝ በእርሳስ የእጄን ዙሪያ ስዬ ልኬልሻለሁ። እንዳታይው ልልሽ ነበር።

ዶክተር ዝናው ጠባሳውን ቀድዶ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ከሌላው ጭን ወፈር ያለ ቆዳ ሊለጥፍ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ወር ማሠሪያና ማፍታታት። "ካልሠራነው ግን እንደታጠፈ ይቀራል" አለ፤ ቁርጡን።

እንቢ አልኩት። እንደገና ሊያስተኙኝ፣ እንደገና ጭኔን ሊልጡኝ፣ እንደገና አረንጓዴ ሊሆን? በቃኝ ስህን። ፈርሜ ልወጣ ነው። ለባዬ ወንበር ይያዝልኝ በይው።

ዙለይሃ


ሐይቅ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዙለይሃ፤

ሰላምታ ብቀንስብሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ቀኝ እጅ ያለው ሰው ሰበብ የለውም። እንደምን ሰነበትሽ።

ሥዕልሽን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልክ አይዋሸኝም። ሙላት በትከሻዬ አሻግሮ አይቶ "የዶሮ እግር ነው?" አለ። እንዲህ ያለ ባል ነው ያለኝ ብዬሻለሁ። ከዚያ ሲገባው ወጥቶ ሄደ፤ እስኪመሽ አልተመለሰም።

አሁን እኔም የደበቅሁሽን ልናገር። ዓሣ ቤትሽ ክፍት ነው። ግድግዳው ከደረቀ ጀምሮ ክፍት ነው። የምጠብሰው እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ፣ በነጠላዬ አፍንጫዬን የምይዘው! ደንበኛ ሌላ ቤት ከለመደ አይመለስም ብዬ ነው። ግን ወላሂ ልበል፣ ክርስቲያን ብሆንም ወላሂ፣ ቆሮሶ እሾህ ነው፣ ቆሮሶ ጠላት ነው። ከጅራቱ ይዤ ስስበው ቆዳው ከነሥጋው ይመጣል። ሙላት በጥርሱ ሊስበው ቢሞክር ዓሣው ጥርሱን ይዞበት ቀረ። ደንበኞችሽ ሳህኑን ያገላብጡና "ይህ ዓሣ በምን አደጋ ሞተ?" ይሉኛል። ሸህ ሙሐመድሁሴን ብቻ ናቸው ሳያማርሩ የሚበሉት፤ እሳቸውም የቅሬ ግዴታ ነው ይላሉ።

ነይ እንግዲህ። ባዬ የፊቱን ወንበር ይዞልሻል። ሆስፒታሉን በቃኝ ካልሽ ማን ያስገድድሻል? እጅሽ ታጥፎ ቢቀርም ምን ገዶን፤ እኔ እገፍፋለሁ፣ አንቺ በር ላይ ተቀምጠሽ በግራሽ ሂሳብ ትቀበያለሽ።

ከመሳፈርሽ በፊት ግን አንዲት ነገር ብቻ። ያቺን ጥያቄዬን መልሺ። ቆዳው ሳይቀደድ፣ አንቺ በአንድ ጊዜ እንደ ካልሲ ስታወልቂው እንደማየው፣ እንዴት ነው? በጽሑፍ፣ አንድ በአንድ፣ እኔ የማልችለዋ ሴት እንድሠራው አድርገሽ ጻፊልኝ። ከዚያ እጅሽን አንፈልገውም።

ስህን


አዲስ አበባ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስህን፣ ለተንኮለኛዋ፤

እጽፋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። "አንደኛ፣ ዓሣውን አጥበሽ በግራ እጅሽ ያዢ" ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ነው። "ሁለተኛ፣ በቀኝሽ..." አልኩና ቆምኩ። በቀኝሽ ምን? አውራ ጣት ናት የምትቀድመው ወይስ ትንሿ? ከላይ ነው የምገባው ከጎን? እልፍ ዓሣ ገፍፌአለሁ፤ አንድ ጊዜም ሳየው አልተሠራም። ዓይኔ ደንበኛ ላይ ነው፣ አፌ ነገር ላይ ነው፣ እጄ ብቻውን ነው የሚሠራው።

መስኡዳ እርጥብ ፎጣ ጠቅልላ "ይህ ዓሣ ነው በይ" አለችኝ። ግራዬ ያዘው። ቀኜ ሳላዘው ተነሣ። ሄደ፣ ፎጣው ላይ ደረሰ፣ ጣቶቹ መግቢያቸውን ፈለጉ፣ አልተዘረጉም። እንደገና ሞከረ። በሰው በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ ሰው መሰለኝ። መስኡዳ ፊቷን አዞረች፤ "ደህና ናት" የምትለውም ጠፋት።

እጄ ያውቃል ስህን። ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም እንጂ። የሚያውቀውን ይዞ ታጥፎ ሊቀር ነው። ይህን አውቀሽ ነው የጠየቅሽኝ፤ አላህ ይይልሽ።

የመውጫውን ወረቀት አልፈረምኩም። ዶክተር ዝናውን አስጠርቼ ቁረጠው አልኩት። መጀመሪያ እጄን፣ ሲያገግም አንገቴን ይሠራል። ጭኔ አልተጠየቀም፤ ቢጠየቅ እንቢ ይላል።

በመስኡዳ ስልክ "ቅሬው ምን ያድርግ?" ላልሽው፦ ዶክተሩ ማዋጣት ካማራቸው ደም ያዋጡ ብሏል። ቆዳ ላይ የሚኮራው ገላ ደም ላይ ሲደርስ ወሎዬ ይሆናል፤ ዓይነቱ ከገጠመ የማንንም ይቀበላል። ደሴ ይስጡ። ለእኔ ባይደርስ ለሌላ ሰው ይደርሳል።

ፈርቻለሁ። ይህንን ለቅሬው አታንብቢ።

ዙለይሃ


ሐይቅ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዙለይሃ፤

ሰላም ነሽ ወይ? ሰላምታ አይደለም፣ ጥያቄ ነው።

መንገዱ ተዘግቶ ከረመ። ሲከፈት ባዬ ባዶ እጁን መጣ። መስኡዳ "ደህና ናት" ትለኛለች፤ አላምናትም፤ አረንጓዴም ሆነሽ ደህና ነሽ ስትለኝ ነበር። አንቺን አገናኚኝ ስላት "እጇን እያፍታቱላት ነው፣ ታለቅሳለች፣ ትሳደባለች" ትላለች። መሳደቡ ደስ ብሎኛል።

ቅሬው ደሴ ወርዶ ደሙን ሰጥቷል። ሙላት መርፌውን ሳያይ ወደቀ፤ አልጋ ላይ ሲያስተኙት "የሰጠሁት ደም የት አለ?" አለ፤ ገና አልሰጠም ነበር። ሰዑድ ከጎኑ ተኝቶ ስለ ጾም አንዳች አልተናገረም።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አብረው ገቡ። ከተማው በሙሉ ይጾማል፤ ዓሣ ቤትሽ ቀን እንደ ወና ቤት ነው፤ ከመግሪብ በኋላ ነው ነፍስ የሚዘራው። ሁሉም ሲገባ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። እኔም ስለማላውቅ "ደህና ናት" እላለሁ። መስኡዳን ሆኛለሁ።

ምንም ይሁን ምን ጻፊልኝ። በግራሽም ቢሆን። ሰላምታውን እኔ ትቼልሻለሁ።

ስህን


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስህን፣ እንደምን ከረምሽ?

ጣቶችሽ እንደምን ናቸው? ሙላት እንደምን አለ፣ ጥርሱስ፣ ጀርባውስ? ሸህ ሙሐመድሁሴን አፊያ ናቸው? ሰዑድን፣ ማህዲን፣ ባዬን፣ ቅሬውን በየቤቱ፣ ውጫሌ ድረስ፣ ዓሣ የበላውንም ያልበላውንም ሰላም በይልኝ። ሐይቁን ሰላም በይልኝ።

መስመሩ ተንጋድዷል፤ ብዕሩም ይወድቅብኛል። ሰላምታ ብቻ ነው የቻልኩት። ከኅዳር ጀምሮ የተቀመጠው ይኸው ነው። ተቀበይኝ።

ቆሮሶውን ከጅራቱ አትጀምሪ። የቀረውን እጄ መጥቶ ይነግርሻል።

ዙለይሃ